ስለ ሰፈር አሮጌ ዛፍ ሥዕል

የሥዕል ፍቅር ያደረባቸው ወጣቶች በዘይት ቀለም ዛፍ መሣል ቀላል ነው ይላሉ፤ ዛፍ እንደ ሰው «እኔን አልመሰለም» ብሎ አይከራከርምና። በየሱቁ ተሰቅሎ የሚታየው የሰፈር ዛፍ ሥዕል አንድ ዓይነት የሆነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ቅጠሉ ከቱቦ እንደ ወጣ አረንጓዴ፣ በስተኋላው ሰማዩ ቀልቶ ፀሐይ ስትጠልቅ። ዛፉ የመካነ ሰላም ይሁን የሐረር፣ ወይም ከቀን መቁጠሪያ ላይ የተገለበጠ የባሕር ማዶ ዛፍ ይሁን፣ የሚለይበት ነገር የለም።

ከመካነ ሰላም እስከ ደንቆሮ ጫካ ባለው ደጋ የሚኖር ሰው ግን ኮሶን ያውቃል። ቅርፊቱ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው፤ እየተላጠም ይንጠለጠላል። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። የሴቷ አበባ ቀልቶ እንደ ዘለላ ወደ ታች ይንዠረገጋል፤ አባቶቻችንም ለሆድ ትል መድኃኒት የጠጡት ይኽንኑ ነው። እንግዲህ ሠዓሊው ብሩሹን ሳያነሣ «ይኽ ወንድ ነው ወይስ ሴት?» ብሎ ካልጠየቀ፣ የሣለው ዛፍ ይባል ይሆናል እንጂ ኮሶ አይባልም።

ጆን ኮንስተብል የተባለው እንግሊዛዊ በፈረንጆች 1821 ገደማ የአንድ ኤልም ዛፍ ግንድ በዘይት ቀለም ሣለ። ሥዕሊቱ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ትገኛለች፤ በወረቀት ላይ የተሠራች፣ ቁመቷም ከ31 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ናት። የዛፉ ራስ አይታይም። የሚታየው የተሰነጣጠቀው ቅርፊትና በግርጌው ሣር ላይ የወደቀው ብርሃን ነው። እኔ ግድግዳ ከሚሞላ ሸራ ይልቅ ይህችን ትንሽ ወረቀት እመርጣለሁ።

የእኛ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ዛፍን እንደ ምልክት ይሥሉ ነበር፤ የእገሌ ደጅ ዛፍ ነው ስላላሉም ማንንም አላታለሉም። አገኘሁ እንግዳ ከፓሪስ ተምረው ያመጡት፣ በኋላም አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተስፋፋው አሣሣል ግን «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል ቃል አለበት። ቃሉን የሰጠ ሰው ሊጠብቀው ይገባል።

የዘይት ቀለም የሚበጠበጠው በተልባ ዘይት ነው፤ ተልባ ደግሞ ለደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። ይኽ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ በቀናት ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ ነገም ተመልሶ ለማየትና ለማረም ጊዜ ይሰጣል። ፀሐይ ግን አትጠብቅም። ጠዋት የተጀመረው ከሰዓት በኋላ ቢቀጥል ጥላው ዞሯል፤ ብርሃን ከሁለት ወገን የሚመጣበት ዛፍ የሚወለደው እንዲህ ነው። ለጠዋቱ አንድ ሸራ፣ ለማታው ሌላ ያስፈልጋል። አረንጓዴውንም ከቢጫ አፈርና ከሰማያዊ ቀይጦ ጥቂት ቀይ ቢጨምርበት ከቱቦው አረንጓዴ ይልቅ እውነትን ይቀርባል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የቀለም ጉድለት አይደለም። አሮጌ የሰፈር ዛፍ ያለ ምሳር ጠባሳ አይገኝም፤ ቅርንጫፉ ለማገዶ፣ ግንዱ ለሣንቃ ይፈለጋል። ሠዓሊዎቻችን ግን ጠባሳውን በቀለም ይፈውሱታል፤ የተቆረጠውንም ቅርንጫፍ መልሰው ያበቅሉታል። እኛ በዛፉ ላይ ያደረግነው ነገር ከሸራው ላይ ይጠፋል፤ ገዥውም ደስ ብሎት ይሰቅለዋል። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ሩሶ በፎንተንብሎ ጫካ ዛፍ ሲቆረጥ አይቶ፣ በ1847 የሠራውን ሥዕል በሄሮድስ ዘመን እንደ ታረዱት ሕፃናት «የንጹሐን ጭፍጨፋ» ብሎ ሰየመው። እርሱና ባልንጀሮቹ አቤቱታቸውን አላቆሙም፤ በ1861 ከዚያ ጫካ 1,097 ሄክታር ለሥነ ጥበብ ሲባል እንዳይቆረጥ ተከለለ።

የኮሶው ጉቶ በሸራው ጥግ ከገባ ሥዕሉ ይበላሻል የሚል ገዥ የመጣ እንደ ሆነ፣ ሠዓሊው ሌላ ገዥ ይጠብቅ።