የወር መርፌ

ስለ ልብ ሕክምና ሲወራ የሰው ዓይን የሚያርፈው በትልልቁ መሣሪያ ላይ ነው። እኔ የማደንቀው ግን የጤና ጣቢያ ነርስ የምትወጋውን ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው።

ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «ቶንሲል ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዴ ግን ሰውነት የጉሮሮውን ጀርም ሊወጋ ያሰለፈው ጦር ተሳስቶ በራሱ ልብ ቫልቮች ላይ ይዘምታል፤ ይህ የሩማቲክ ልብ ሕመም ነው። ሚትራል ቫልቭ ሲጠብ ግፊቱ ወደ ሳንባ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ልብ ይሻገራል። ልብ ራሱ የተጠቀመበትን ደም የሚመልስበት ኮሮናሪ ሳይነስም ይሰፋል። ሐኪሙ ይህን በልብ አልትራሳውንድ ሲያይ ብዙ ጊዜ አልፏል።

መርፌው ጀርሙ እንዳይመለስ እየተከላከለ የሚቀድመው እዚህ ላይ ነው። በኡጋንዳ ሕመሙ ኖሮባቸው ገና ምልክት ያላሳዩ 818 ሕፃናትና ታዳጊዎች የተሳተፉበት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የከፋባቸው በየአራት ሳምንቱ ከተወጉት 0.8፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ያማል እንጂ! ልጆች ቢጠሉት አይፈረድባቸውም።

መርፌው የሚሰጥበት ቦታም ቁም ነገር ነው። ደምቢያ ውስጥ ያለው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ተማሪዎች ገጠር ወርደው የሠለጠኑበት ነው። ለዓመታት የሚዘልቅ መርፌም ጎንደር ድረስ ከሚያመላልስ ይልቅ እንዲህ ባለ ቅርብ ጤና ጣቢያ ቢሰጥ ይመረጣል።

እናንት የመድኃኒት ግዥ ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ይህ መርፌ ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ አይጥፋ።