የማይጸጸተው አስቂኝ ሰው

ባገራችን አንድን ፊልም «አስተማሪ ነው» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው፤ ይኸውም ጥፋተኛው በመጨረሻ ይጸጸታል ማለት ነው። በአስቂኝ ፊልም ላይ ግን ይህ ልማድ ፍርዳችንን ያሳስተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው «ግራውንድሆግ ዴይ» ትዕቢተኛው የአየር ጠባይ ዘጋቢ ያንኑ አንድ ቀን እየደጋገመ ሲኖር ደግ ሰው ይሆናል። መለወጡ ተገቢ ነው፤ ታሪኩ የቆመው በዚያ ላይ ነውና። ስኮርሴዚ ባዘጋጀው፣ በ1983 በታየው «ዘ ኪንግ ኦቭ ኮሜዲ» ግን ሩፐርት ፐፕኪን ዝነኛውን የቴሌቪዥን ሰው ያግታል፣ ይታሰራል፣ ሲፈታም ዝና ያገኛል (ወይም ያገኘ ይመስለዋል)። የተማረው አንዳች የለም። እዚህ ኮዬ ፈጬ አብሮኝ ያየው ጎረቤቴ «ታዲያ ምኑን አስተማረን?» ሲል ተቆጣ። እኔ ግን ቁጣው ራሱ መልስ መሰለኝ፤ ሰውየው ያልተሰማውን ኀፍረት የተሸከምነው እኛ ነንና።

የሞልየር ንፉግ አርፓጎንም በ1668 ገንዘቡን እንደናፈቀ ከመድረክ ወርዷል። የእኛን አለቃ ገብረ ሃናንስ ከቀልዳቸው ተጸጽተው ማየት የሚሻ ማነው? እርግጥ እሳቸውን እንወዳቸዋለን፤ ነገሩ ፈጽሞ አንድ አይደለም።

የምጠይቀው ፊልሙ የሰውየውን ጥፋት ማወቁን ነው። ፐፕኪን ሪታን ይዞ ወዳልተጠራበት ቤት ሲገባ፣ እሱ አያፍርም፤ እሷ ግን ስትሸማቀቅ እናያለን። ያቺ መሸማቀቅ ባትኖር፣ ከጎረቤቴ ጋር አብሬ በነቀፍሁት ነበር።