ጥቅምት 30ን የማይቀበል ዓምድ

የማገናኛ ሶፍትዌር ዳታቤዝ ሲከፍት የሚታየው የዓምዱ ስምና ዓይነት ብቻ ነው። ሠንጠረዡን አንብቦ ለየዓምዱ በቢዝነስ ኦብጀክቱ ላይ አንድ አትሪቢዩት ይፈጥራል። «የትውልድ ቀን» ከ«የትውልድ ቀን» ጋር ይገጥማል፤ የሁለቱም ዓይነት ቀን ነው። ሐዋሳ ውስጥ ለክሊኒኮች፣ ለሆቴሎችና ለፋብሪካዎች ሲስተም ሳገናኝ ዋናው ሥራዬ የሚጀምረው መሣሪያው ጨረስኩ ካለ በኋላ ነው። ወደ ካርድ ክፍሉ ሄጄ ያን ዓምድ የምትሞላው ሠራተኛ ምን ብላ እንደምትሞላው እጠይቃለሁ።

የትውልድ ቀኑን እንውሰድ። ሠራተኛዋ 2010-02-30 ብላ ታስገባለች፤ ጥቅምት 30 ማለቷ ነው። ለዳታቤዙ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን ኖሮት አያውቅም። አብዛኞቹ ዳታቤዞች አይቀበሉትም፤ ማይኤስኪውኤል ጥብቅ ቁጥጥሩ ከተነሣለት ዜሮ መዝግቦ ሊያልፍ ይችላል። ጳጉሜም አትገባም፣ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅማ። እንዲህ ያለው ስሕተት ወዲያው ስለሚታይ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ የሚያልፈው ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሁለተኛው ወር በቀር 30 ቀን የማይሞላ ወር የለም፤ የእኛ አሥራ ሁለቱ ወሮች ደግሞ ሁሉም 30 ቀን ናቸው። ስለዚህ ዳታቤዙ በዓመት ውስጥ የሚቃወመው ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ቀናትን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ በፈረንጅ ቀንነት ይቀበላል፤ እንዲህ የተመዘገበ ሕፃን ወደ ሌላ ሲስተም ሲሻገር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል። ክትባት በሚጠብቁ ጨቅላዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይገኝም። ለዚህ ነው ለአንድ የቀን ዓምድ አንድ አትሪቢዩት አይበቃም የምለው። የተጻፈው እንዳለ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ የተቀየረው ቀን ከጎኑ ይግባ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም ይመዝገብ።

ስምም ቀላል አይደለም። ከውጭ የመጣ የደመወዝ ሶፍትዌር «የቤተሰብ ስም» የሚል አትሪቢዩት ይዞ ይመጣል፤ እኛ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ሁለት ዓምድ ያለው ሲስተም የአባትን ስም እዚያ ያስገባል፣ ሦስት ያለው የአያትን። ማገናኛው አንዱን ሠራተኛ ሁለት ሰው ያደርገዋል። በእኔ እምነት ኦብጀክቱ ሦስቱንም ስሞች በየራሳቸው መያዝ አለበት፤ ለውጭው ሶፍትዌር የሚስማማው ቅርጽ በመጨረሻው መሸጋገሪያ ላይ ብቻ ይሠራ። እዚህ ከተማ ሌላም ነገር ይጨመራል። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፣ ግዕዝ ፊደል ግን መጥበቁን አያሳይም። በፊደል የገባን ስም በፕሮግራም ወደ ላቲን መገልበጥ ባለቤቱ ስሙን የሚጽፍበትን መንገድ ያጠፋል። ሁለቱም አጻጻፎች ከራሱ ከባለቤቱ ይወሰዱ።

«ክልል» የሚለው ዓምድ ደግሞ ታሪክ አለው። ሐዋሳ የደቡብ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ ነበረች። በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ሲዳማ ሰኔ 2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በኅዳር 2014 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወጣ፤ በነሐሴ 2015 የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። እንግዲህ በድሮ መዝገብ ላይ «ደቡብ» የሚል ጽሑፍ ዛሬ ከአራት ክልሎች ወደ አንዱ ነው የሚሄደው። በስም ተመሳሳይነት የሚያዛምድ ሰው ወደ «ደቡብ ኢትዮጵያ» ይመራዋል፤ የሐዋሳ ነዋሪ ኖሮበት በማያውቀው ክልል ይመዘገባል። መልሱ ያለው በዞንና በወረዳው ዓምድ፣ እንዲሁም መዝገቡ በተሞላበት ቀን ላይ ነው። የድሮው ዋጋ ደግሞ መሰረዝ የለበትም፤ በጊዜው እውነት ነበር።

ባዶና ዜሮም ይለያያሉ። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት የጤና መረጃ ሥርዓት፣ ዲኤችአይኤስ ቱ፣ እንዲይዝ ካልታዘዘ በቀር ዜሮን አያስቀምጥም። «በዚህ ወር የወባ ታማሚ አልመጣም» ያለ ጤና ኬላና ሪፖርት ያልላከ ጤና ኬላ ያኔ አንድ ይመስላሉ። ወባ ባለበት አካባቢ ይህ ልዩነት መድኃኒት የት ይላክ የሚለውን ይወስናል።

አሁን የብሔራዊ መታወቂያው የፋይዳ ቁጥር ስላለ የሰው ማዛመድ ችግር ያበቃል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አሥራ ሁለቱ አኃዝ በእርግጥ ትልቅ እገዛ ነው፤ በቁጥር ዓይነት ሳይሆን በጽሑፍ ዓይነት ይቀመጥ፣ የሌለው ሰውም እንዳይገፋ ባዶ መሆን ይፈቀድለት። ግን ፋይዳ ሰውየውን ይለያል እንጂ የትውልድ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አይነግረንም።

ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የምትመጡ ወጣቶች የማፒንግ ሰነድ ስታዘጋጁ ከዓምዱ ስምና ዓይነት አጠገብ ማን እንደሚሞላው፣ በምን አቆጣጠር እንደሚሞላና ትርጉሙ ከመቼ ጀምሮ እንደጸና ጻፉ። ይህን ከኮዱ አታገኙትም፤ ካርድ ክፍሉ መስኮት ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ።