የንፍሮው ጥያቄ

ባለፈው ሰሞን ዘመድ ልጠይቅ ጫንጮ ሄጄ ነበር። የእህቴ ልጅ እዚያ ፊዚክስ ያስተምራል። ንፍሮ ተጥዶ እስኪበስል ስንጠብቅ የዘጠኝ ዓመት ልጁ፣ «አባዬ፣ ሙገር ቆላ አያቴ ጋ ቶሎ ይበስል የለ? እዚህ ለምን ይዘገያል?» አለችው። እናቷ ከማድ ቤት፣ «አንቺ ልጅ፣ እንግዳ ፊት አትለፍልፊ!» ስትል ተቆጣች።

አባትየው ግን ደስ አለው። ጫንጮ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውኃ የሚፈላው መጽሐፉ በሚለው 100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ግድም ነው። አንዴ ከፈላ ደግሞ እንጨት ቢማግዱበት ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ይህን አስረዳትና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ይሄን ማንን ልጠይቅ ነበር? ፕላዝማውን?» ብሎ ሳቀ።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ይሰራጭ ጀመር። ቤተ ሙከራ ለሌለው ት/ቤት ሙከራ ማሳየቱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አልክድም። እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ስመዝነው ግን ምልልስ መስሎ የቀረበ መነባንብ ነበር። የመስኮቱ መምህር ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፤ መልሱንም ራሱ ይናገራል። ተማሪው እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። በአካል ያለው መምህር የተረፈችውን ጥቂት ደቂቃ እየጠበቀ ጥግ ይዞ ይቆማል። ፊዚክስ ደግሞ «ለምን?»ን ከተነጠቀ የሚቀረው የቀመር ክምር ነው።

ፕላዝማውን ብቻ መውቀስ ግን ይቀላል። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» እያልን የምንተርት ሰዎች፣ ጠያቂ ልጅ ስናይ «ለፍላፊ» እንላለን። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ ግጥም እየተነተንኩ ሳለ አንድ ተማሪ፣ «ገጣሚው ይህን ማለቱን በምን እናውቃለን?» ቢለኝ፣ «ጊዜ የለንም» ብዬ አስቀመጥኩት። ጊዜስ ነበረን፤ መልስ ነው ያልነበረኝ። ልጁ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀም። ታዲያ እኔ ከፕላዝማው በምን እሻላለሁ? እሱስ ጆሮ አልነበረውም።

ንፍሮው በስሎ ቀረበ። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም፤ «እሺ፣ ድስቱን ጥርቅም አድርገን ብንከድነውስ?» አለች። እናቷ በዚህኛው አልተቆጣችም። እሷም መልሱን ለመስማት ቁጭ አለች።