ግድግዳው የመሰከረው፣ መዝገቡ የደበቀው፦ «የፍሬድ ሃምፕተን ግድያ» ዘጋቢ ፊልም ሂሳዊ ዳሰሳ

ፊልሙ ሲጠነሰስ ስለ ግድያ አልነበረም። ዳይሬክተሩ ሃዋርድ አልክና ፕሮዲውሰሩ ማይክ ግሬይ ይቀርጹ የነበረው የጥቁር አሜሪካውያን አብዮታዊ ድርጅት የሆነው የብላክ ፓንተር ፓርቲ የኢሊኖይ ቅርንጫፍ ሊቀ መንበር የፍሬድ ሃምፕተንን የዕለት ተዕለት ትግል ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 1969 ሊነጋጋ ሲል፣ የኩክ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ሃንራሃን ያሰማራቸው 14 ፖሊሶች ቺካጎ የሚገኘውን የሃምፕተንን መኖሪያ ሰብረው ገቡ። የ21 ዓመቱ ሃምፕተንና የፓርቲ ጓዱ የ22 ዓመቱ ማርክ ክላርክ ተገደሉ። በ1971 ለእይታ የበቃው ሥራ በዚህ የተነሳ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ የአንድ ወጣት መሪ ሕይወት፣ ግማሹ የአሟሟቱ ምርመራ ሆነ።

አድናቆቱን ያተረፈው በአመዛኙ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ሃንራሃን ተኩሱን የከፈቱት ፓንተሮቹ ናቸው ሲል፣ ፖሊሶቹም ድርጊቱን በቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ዳግም ተውነው አሳዩ። ከቤት ውስጥ የተተኮሱ ጥይቶች ቀዳዳ ተብለው በቺካጎ ትሪቢዩን የወጡት ነጥቦች ግን የሚስማር ራሶች ሆነው ተገኙ። ፖሊስ ቤቱን ሳያሽግ በመሄዱ የፊልሙ ካሜራ በዚያው ማለዳ ገብቶ ግድግዳውን፣ በሩንና በደም የራሰውን ፍራሽ ቀርጿል። አልክ የፖሊሶቹን ትወናና የቤቱን ግድግዳ ጎን ለጎን ሲያስቀምጣቸው ውሸቱ ያለ ሐታች ይጋለጣል። የፌዴራሉ ግራንድ ጁሪም በ1970 ፖሊስ ከ82 እስከ 99 ጊዜ መተኮሱን፣ ከፓንተሮቹ ወገን የተተኮሰው ግን አንድ ብቻ መሆኑን ገልጿል።

ይሁንና ግድግዳ የሚመሰክረው ማን እንደተኮሰ እንጂ ማን እንዳዘጋጀ አይደለም። ፊልሙ ሲጠናቀቅ የፓርቲው የጥበቃ ኃላፊ ዊልያም ኦኒል የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ሰርጎ ገብ መሆኑ አልታወቀም ነበር፤ ምስጢሩ የወጣው በ1973 ነው። የሃምፕተን አልጋ ያለበትን ስፍራ ሳይቀር የሚያሳየው የቤቱ ንድፍ ለኤፍቢአይ የደረሰው በእርሱ በኩል ነው። ይህ ገና ባለመታወቁ በፊልሙ ውስጥ ተከሳሹ ሃንራሃን ሲሆን፣ ወንጀሉም የአንድ ከተማ ጉዳይ ይመስላል። ሃንራሃን ፍትሕን በማደናቀፍ ተከሶ በ1972 በነጻ ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት ግን ምርጫውን ተሸነፈ። በ1982 በፍትሐ ብሔር ክስ ለተጎጂዎችና ለሟቾች ቤተሰቦች የተፈቀደውን 1.85 ሚሊዮን ዶላር ከተማው፣ ካውንቲውና የፌዴራሉ መንግሥት እኩል ተካፍለው ከፈሉ። ፊልሙ ያላየው ሦስተኛ ወገን በሂሳቡ ላይ ታየ።

ይህን ይዘን የመጀመሪያውን ክፍል ስናየው ትርጉሙ ይለወጣል። ንግግሮቹ ይረዝማሉ፤ ድምፁ አንዳንዴ ይደበዝዛል፤ ትዕግሥት ያጣ ተመልካች መግቢያ ብቻ አድርጎ ሊያልፋቸው ይችላል። ነገር ግን በቺካጎ ዳርቻ በሜይዉድ የጥቁሮች የሲቪል መብት ማኅበር የሆነውን የኤንኤኤሲፒን የወጣቶች ክንፍ ሲመራ የነበረው ሃምፕተን ለሕፃናት ነጻ ቁርስ ያስተባብር፣ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆችን ድርጅት ያንግ ሎርድስንና ድሆች ነጮችን ያቀፈውን ያንግ ፓትሪየትስን በአንድ ጥምረት ያሰልፍ ነበር። የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ኤድጋር ሁቨር በማርች 1968 ለቢሮው ቅርንጫፎች ባስተላለፈው መመሪያ ጥቁሮችን አስተባብሮ ሊያነሣሣ የሚችል መሪ እንዳይወጣ መከላከልን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር። በአንድ ሰው ዙሪያ ሁለት መዝጋቢዎች እንደነበሩ የምንረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ካሜራው ተስፋ ብሎ የቀረጸውን መሥሪያ ቤቱ አደጋ ብሎ መዘገበው። የግድያው ምክንያት የሚገኘው ሟቹ ገና በሚናገርበት ክፍል ውስጥ ነው።

ፊልሙን ለተማሪዎች የሚያሳይ መምህር በሰዓት እጥረት የመጀመሪያውን ክፍል ቆርጦ ወደ ጥይቱ መሮጥ ያምረው ይሆናል። ያኔ ተማሪው የሚያገኘው መልሱ የታወቀ የወንጀል ምርመራ ብቻ ነው፤ አንድ ዋሾ ባለሥልጣን ተጋለጠ፣ ነገሩም አለቀ ብሎ ይወጣል። ፊልሙ ሙሉውን ታይቶ ከጎኑ የኦኒል ንድፍና የሁቨር መመሪያ ሲቀርቡ ግን ጥያቄው ይሰፋል፤ መንግሥት የሕፃናትን ቁርስ ከጠመንጃ እኩል ለምን ፈራ? አልክ ይህን ሊመልስ አልቻለም፤ ሰነዱ በእጁ አልነበረምና። ሰነዱ ዛሬ በእጃችን ስላለ፣ ፊልሙን ለብቻው አሳይቶ መበተን ምርመራውን እርሱ በ1971 ባቆመበት ስፍራ መተው ነው።