ስለማይሞት ጠላት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በታሪኩ ውስጥ ያለው ጠላት ተገድሎ ካላለቀ መጽሐፉን እንደ ጐደሎ የምትቈጥረው ከሆነ፣ ፍርድህን ጥቂት አቈይልኝ።

በጅጅጋ ሳስተምር ተማሪዎቼ ከእናቶቻቸው የሰሙትን የደግዴርን ተረት ብዙ ጊዜ አጫውተውኛል። ደግዴር ማለት በሱማሊኛ ረጅም ጆሮ ያላት ማለት ነው። ሰው በላ ሴት ናት፤ የመንገደኛውንም ኮቴ ከሩቅ ትሰማለች። አነጋገሩ በየስፍራው ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ እንደሚተረከው እርሷ ተኝታ ሳለች የገዛ ልጇ የፈላ ነገር በጆሮዋ አፍስሳ ትገድላታለች፤ ከዚያም ዝናም ይዘንማል። ነገር ግን በማግስቱ ማታ ተረቱ ሲጀመር ደግዴር እንደ ገና ጆሮዋን አቁማ ትገኛለች። የፍርሃትም ጠባይ ይኸው ነው፤ ዛሬ ገደልሁት ብለህ ስትተኛ ነገ ኮቴህን ያደምጣል። ገዳይዋም ከሩቅ አገር የመጣ ጀግና አይደለችም፤ እዚያው ቤት ያደገች ልጅ ናት። ተረቱን ከብዙ መጻሕፍት የማስበልጠው በዚህ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያነበብነው የእንግሊዛዊው የጆን ቡንያን የመንገደኛ ታሪክ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ያሳያል። ቡንያን ስለ ስብከቱ 12 ዓመት ያህል የታሰረ፣ በተስፋ መቍረጥ አሳብም እየተመላለሰ የተሠቃየ ሰው ነበር። በ1678 እ.ኤ.አ. በታተመው በመጀመሪያው ክፍል፣ ተስፋ መቍረጥ የሚባለው ግዙፍ ሰው ሁለቱን መንገደኞች በጥርጥር ግንብ ውስጥ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ያለ እህል፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ብርሃን ያስራቸዋል፤ ይደበድባቸዋል፤ ከመኖር መሞት ይሻላችኋል እያለም ይመክራቸዋል። የሚያመልጡት እርሱን ገድለው አይደለም። የተስፋ ቃል የተባለው ቍልፍ ለካ እስከዚያች ሰዓት በአንደኛው ብብት ውስጥ ነበረ! ግዙፉም ሊያሳድዳቸው ተነሥቶ ሳለ ሕመሙ ይነሣበትና እግሩ ይከዳዋል እንጂ አይሞትም።

በ1684 እ.ኤ.አ. በወጣው በሁለተኛው ክፍል ግን ጀግናው መጥቶ ራሱን ይቈርጠዋል፤ ግንቡም ይፈርሳል። እኔ ይህን ክፍል ከፊተኛው ዝቅ አድርጌ አየዋለሁ፤ ሠርግ ይመስላል። ቡንያን ራሱም ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ኀጢአት ግንቡን መልሳ ልትሠራው፣ ግዙፉንም ልታስነሣው እንደምትችል በዚያው ስፍራ በግጥም አስጠንቅቋልና።

ይህ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በካራማራ የተደረገውን ጦርነት ካዩት ሰዎች መካከል፣ ከየወገኑ፣ ከብዙ ዓመት በኋላም በሌሊት የመድፍ ድምፅ የሰሙ እየመሰላቸው የሚባንኑ አውቃለሁ። ጠላቱ ሞቶ የሚያልቅበትን ተረት ብቻ ያነበበ ወጣት ከእነዚህ አንዱን ቢያገኝ ደካማ ይለዋል። የራሱም ኀዘን ተመልሶ በመጣበት ቀን ተሸነፍሁ ብሎ ይቀመጣል። የቡንያን መንገደኞች ግን ከግንቡ ወጥተው ወደ መንገዳቸው በተመለሱ ጊዜ፣ ግዙፉ ገና በሕይወት ሳለ፣ ከኋላ ለሚመጡት ማስጠንቀቂያ የተጻፈበት ዐምድ በመሻገሪያው አጠገብ አቆሙ።