«አያቶቻችን ለምን ገበሬ አልሆኑም?»

ቢቸና ውስጥ ከቂርኣት በኋላ አንድ ልጅ፣ «ኡስታዝ፣ የእኛ ሰዎች ለምን ነጋዴና ሸማኔ ሆኑ? አያቶቻችን ለምን ገበሬ አልሆኑም?» ሲል ጠየቀኝ። ብዙዎቻችን «ሙስሊም ንግድ ይወዳል» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ግን መልስ አይደለም።

ውድ አንባቢያን! መጻሕፍትን ብናገላብጥ ቀድሞ የምናገኘው ሱዳን ውስጥ ሚሲዮናዊ የነበረው ትሪሚንግሃም እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ እስልምና በኢትዮጵያ ያሳተመውን ሥራ ነው። ድካሙን አንክድም። ሆኖም በታሪኩ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ጦርነትና ግጭት ነው፤ የነጋዴውና የደረሳው ኑሮ ከዚያ ጥላ ሥር ይውላል። ይህን ዓይነቱን አመለካከት ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ጥናት ተችተውታል። በ2001 በታተመው የወሎ መጽሐፋቸውም ዑለማኡንና ጠሪቃውን የታሪኩ ባለቤት አድርገዋል። አላህ ይዘንላቸው! የቀረው ይህ ጥያቄ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም እንዲገባ ነው።

የልጁ ጥያቄ መልስ ያለው መሬቱ ላይ ነው። በክርስቲያኑ ደጋ አገር ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም። ርስት የሌለው ሰው ወደ ሸማና ወደ ንግድ ሄደ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት እስኪሽር ድረስ ነገሩ እንዲሁ ነበር። እንግዲህ ንግድ የተገፋ ሰው የእንጀራ መንገድም ነበር ማለት ነው።

ይህን ስንል ግን የራሳችንን ጉድፍ አንሸፍን። በ19ኛው መቶ ዘመን የጀበርቲ ነጋዴዎች በጎጃሙ ባሶ ገበያ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልሸጡም፤ ሰውም ሸጠዋል። ሌላው ታሪካችንን አጎደለ ብለን የምንከስ ሰዎች የሚያሳፍረንን ቆርጠን ብንጥል፣ ከከሰስነው በምን እንለያለን?

ነገሩ የድሮ ወሬ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ተቃጠሉ። ያቃጠሉት መጽሐፍ አንብበው ነው አልልም። ነገር ግን ስንት ትውልድ የኖረ ጎረቤት መሬት ስላልነበረው ብቻ «መጤ» ሲባል፣ መልስ የሚሆን የተጻፈ ነገር በእጃችን አልነበረም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ሽማግሌዎቻችሁ በሕይወት ሳሉ ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም አጣርታችሁ ጻፉ። ልጆቻችን ሲጠይቁን «አላውቅም» ማለት ነውር የለውም፤ ነውሩ ጠያቂውን ዝም ማሰኘት ነው። ወላሁ አዕለም።